ልዩ ትምህርት ቤት፣ ልዩ ክፍል ወይስ የሰፈሩ ትምህርት ቤት? አካል ጉዳት ላለበት ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለመምረጥ

ልጅዎ ማየት፣ መስማት፣ መንቀሳቀስ ወይም ነገር ቶሎ መረዳት የሚቸግረው ከሆነና አንደኛ ክፍል የሚገባበት ዓመት ከደረሰ፣ በመንግሥት በኩል ያለው አማራጭ ሦስት ነው። አንደኛው ልዩ ትምህርት ቤት ነው፤ አንድ ዓይነት ጉዳት ያለባቸው ልጆች ብቻ ይማሩበታል፣ ብዙ ጊዜም አዳሪ ነው። ሁለተኛው ልዩ ክፍል ነው፤ በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለእነዚህ ልጆች የተለየ ክፍል። ሦስተኛው አካቶ የሚባለው ነው፤ ልጁ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣል፣ የሚያስፈልገው ድጋፍ ደግሞ እዚያው ድረስ ይመጣለታል።

ብዙ ወላጅ ሁለት ተቃራኒ ምክር ይሰማል። አንዱ «ከመሰሎቹ ጋር ይሁን» ይላል፣ ሌላው «ከማንም ልጅ ተለይቶ ለምን ይማራል» ይላል። ሁለቱም ስለ ልጁ ሳይጠይቁ የሚሰጡ ምክሮች ናቸው። ዊልቸር ለሚጠቀም ልጅ ትክክል የሆነው መልስ መስማት ለተሳነው ልጅ ዓመታት የሚያባክን ስህተት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መነሻው የትምህርት ቤቱ ስም ወይም ቅርበት አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ልጁ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ በሚያስተምርበት ሰዓት፣ ትምህርቱ በምን በኩል ይደርሰዋል? በጆሮ፣ በዓይን፣ በጣት ወይስ በምንም?

መብቱን በአጭሩ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(3) ማንኛውም ዜጋ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎት በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ልጁ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይከለክላል፣ ብሬል (በጣት የሚዳሰስ የነጥብ ጽሑፍ) እና ምልክት ቋንቋ የመማር ዕድልም እንዲመቻችለት ያዛል። ይህ ማለት የሰፈርዎ ርዕሰ መምህር «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ልጅ አንቀበልም» ማለት አይችልም።

የሚሉ ግን አሉ። ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን መምህሩ አልሠለጠነም፣ ክፍሉ ሞልቷል ብለው ነው። እንዲህ ካጋጠመ ክርክር ውስጥ አይግቡ፤ «ያልተቀበላችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ» ይበሉ። አብዛኛው ጉዳይ እዚያው ይለዝባል። ካልሆነ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው የልዩ ፍላጎት ባለሙያውን ይጠይቁ፣ ማመልከቻዎ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ለመከታተል ያስቸግራል።

መስማት ለተሳነው ልጅ፦ ቋንቋ ከሁሉ ይቀድማል

መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። በመሆኑም ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት ሲደርስ በእጁ ያለው ቤተሰቡ የፈጠራቸው ጥቂት ምልክቶች ብቻ ሊሆን ይችላል፤ «ብላ»፣ «ና»፣ «ተኛ»። ሌላው ልጅ አማርኛ ይዞ ነው ፊደል ለመቁጠር የሚመጣው። እሱ ግን ፊደሉ የሚያርፍበት ቋንቋ ገና የለውም።

ይህን ልጅ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ «ከንፈር ያነባል» ማለት አያዋጣም። በመስተዋት ፊት ድምፅ ሳያወጡ «በላ» እና «መላ» ይበሉ፤ ከንፈርዎ ላይ ልዩነት የለም። «ተራ»፣ «ጠራ» እና «ደራ»ም እንዲሁ አንድ ናቸው። ከ፣ ገ እና ቀ ደግሞ ወደ ጉሮሮ ስለሚርቁ ከውጭ አይታዩም። ከንፈር ማንበብ የሚረዳው ቋንቋውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ቋንቋን ከባዶ አያስተምርም። በዚያ ላይ መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ ሲጽፍ ከንፈሩም ይጠፋል።

ስለዚህ ከባድ የመስማት ጉዳት ላለበት ልጅ፣ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርጫችን ግልጽ ነው፦ ምልክት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር መምህርና መስማት የተሳናቸው ብዙ ልጆች ያሉበት ቦታ። ይህ ልዩ ትምህርት ቤት ወይም ጠንካራ ልዩ ክፍል ሊሆን ይችላል። በመካኒሳና በሆሳዕና ያሉት መስማት ለተሳናቸው የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች በዚህ መንገድ የቆዩ ናቸው። ከሁለቱ ዓይነት ለመምረጥ የጓደኞቹን ቁጥር ይቁጠሩ። አራት ልጅ ብቻ ያለበት ልዩ ክፍል፣ ያውም ዕድሜያቸው የተራራቀ፣ ቋንቋ አያሳድግም። ልጆች ምልክት ቋንቋን ከመምህር ይልቅ እርስ በርስ በእረፍት ሰዓት ነው የሚማሩት። ከተቻለ ደግሞ ሰባት ዓመት አይጠብቁ፤ መዋዕለ ሕፃናት ያለው ካገኙ በአራት ዓመቱ ያስገቡት።

ልዩ ክፍልን ሲመርጡ አንድ የማይረሳ ጥያቄ አለ፦ ክፍሉ እስከ ስንተኛ ነው? ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክፍሎች ብቻ ይይዙና ከዚያ ልጁ ወደ መደበኛ ክፍል ይዛወራል። አስተርጓሚ ከሌለ ልጁ እዚያ ቁጭ ብሎ ሰሌዳ ይገለብጣል፣ ደብተሩ ሙሉ ነው፣ የገባው ነገር ግን ጥቂት ነው። ወላጅ ደብተሩን አይቶ ይደሰታል፣ ችግሩ የሚታወቀው በክልላዊ ወይም በከተማ አቀፍ ፈተና ነው። አስተርጓሚ አለ ቢባልዎትም በቀን ስድስት ሰባት ክፍለ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን እንደሚሠራ ካወቁ ይጠንቀቁ፤ ያለ እረፍት ከሃያና ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ማስተርጎም ጥራቱን ያወርዳል። የሚቆምበት ቦታም ከመምህሩ ጎን፣ ሰሌዳው አጠገብ፣ መስኮት ከጀርባው ሳይሆን ሊሆን ይገባል። ልጁ እጅ እያየ ማስታወሻ መያዝ ስለማይችል የአንድ ጎበዝ ተማሪ ደብተር በየቀኑ ፎቶ እንዲነሣለት ወይም እንዲገለበጥለት አስቀድመው ይስማሙ።

መጠነኛ የመስማት ችግር ላለበትና የመስሚያ መሣሪያ ለሚያደርግ ልጅ ነገሩ ይለያል፤ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሊበቃው ይችላል። መሣሪያው በደንብ የሚሠራው ግን ተናጋሪው ቅርብ ሲሆን፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ባለው ርቀት፣ ጫጫታ በሌለበት ነው። ባትሪው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ያልቃል፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ቅርጽም ልጁ ሲያድግ ይጠበውና ያፏጫል። ይህን ወጪ በጀትዎ ውስጥ ካላስገቡ መሣሪያው ኅዳር ላይ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ለዓይነ ስውር ልጅ፦ መጀመሪያ ብሬል፣ ከዚያ ሰፈር

ዓይነ ስውር ልጅ ቋንቋ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሚጎድለው መጻፊያና መንቀሳቀሻ ነው። ብሬል በስሌት (ቀዳዳ ባለው መጻፊያ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (በነጥብ መውጊያ) ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ ወረቀቱ ተገልብጦ ሲነበብ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ። ልጁ እያንዳንዱን ምልክት በመስተዋት እንደሚታይ አድርጎ መውጋት አለበት። በአማርኛ ደግሞ ተነባቢውና አናባቢው ስለሚለያዩ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ሴል (የነጥቦች ስብስብ) ይወስዳል። አንድ ቀጭን መማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲታተም ብዙ ወፍራም ጥራዝ የሚሆነው በዚህም ምክንያት ነው። ይህንን በየቀኑ፣ በሠለጠነ ሰው፣ ቢያንስ ለሁለትና ሦስት ዓመት መለማመድ ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቅ የሚል መምህር አያስችለውም።

እዚህ ላይ ነው እንደ ሰበታ ያሉ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጥቅም የሚታየው። ብሬል፣ አባከስ (በዶቃ የሚሰላበት መቁጠሪያ)፣ በነጭ በትር መሄድ፣ ልብስ ማጠብና አልጋ ማንጠፍ በአንድ ቦታ ያስተምራሉ። የሚያስከፍሉት ዋጋ ከቤተሰብ መራቅ ነው፤ በሰባት ዓመቱ ከእናቱ የተለየ ልጅ የሚከፍለው ቀላል አይደለም። ስለዚህ የምንመክረው ይህ ነው፦ በደርሶ መልስ ርቀት ብሬል በየቀኑ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ካለ እሱን ይምረጡ። ከሌለ አዳሪውን ይምረጡ፣ ግን የሚመለስበትን ክፍል ከመግባቱ በፊት ይወስኑ፤ ለምሳሌ አራተኛን ሲጨርስ። መመለሻው ያልተወሰነ ልጅ ለወንድሞቹ እንግዳ ሆኖ ነው የሚያድገው።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሲጎበኙ ክፍሉን ብቻ አይመልከቱ። የመኝታ ቤቱን በር ይክፈቱ። ለስንት ልጅ ስንት ሞግዚት ሌሊት ያድራል? የሴቶቹ መኝታ በግድግዳ የተለየ ነው? ሽንት ቤቱ ከመኝታው ስንት እርምጃ ነው፣ ሌሊት ማን ያደርሳል? ልጁ ቤት የሚደውለው በማን ስልክና በየስንት ቀኑ ነው? ብቻውን፣ ሰው ሳይሰማው ማውራት ይችላል? ስለ ልጆች ደህንነት የሚጠየቅ ጥያቄ የሚያስከፋው ኃላፊ ካጋጠመዎ ልጅዎን ይዘው ይመለሱ።

በመደበኛ ክፍል ውስጥ ለዓይነ ስውር ልጅ የሚበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የክፍሉ መምህር ብሬል ስለማያነብ የልጁ የቤት ሥራና ፈተና ወደ ተራ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ከሌለ ወረቀቱ ሳይታረም ይቆያል፣ ቀስ በቀስም ልጁ በብሬል መጻፍ ትቶ በቃል ብቻ መመለስ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ሒሳብ። መምህሩ አዝኖለት «አንተ ተወው» ይለዋል። ይህ እዝነት ልጁን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ሦስት ማዕዘን በእንጨት ላይ በተመቱ ሚስማሮችና በላስቲክ ይሠራል፣ ግራፍ በካርቶን ላይ በተለጠፈ ክር ይዳሰሳል፣ ድምርና ማባዛት በአባከስ ይሰላል። በምርጫዎ ጊዜ «ዓይነ ስውራን ተማሪዎቻችሁ ሒሳብ እንዴት ይማራሉ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ ይነግርዎታል። ሦስተኛ፣ ወረቀት። የብሬል ወረቀት ወፍራም ነው፣ ተራው የደብተር ወረቀት ላይ ነጥቡ ይተኛል። የዓመቱ ወረቀት በመስከረም ተገዝቶ እንደሆነ መጋዘኑን ያሳዩኝ ይበሉ።

በከፊል የሚያይ ልጅ ብሬል ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም። ይህ ስህተት በተለይ አልቢኒዝም ያለባቸው (ቆዳቸውና ጸጉራቸው የነጣ) ልጆች ላይ ይደጋገማል። መጀመሪያ ዓይን ክሊኒክ ይውሰዱት፤ አንዳንዱ መነጽር ብቻ ነው የጎደለው። ከዚያ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ፊት ወንበር፣ መስኮቱ ከኋላው፣ በ18 ወይም በ24 የፊደል መጠን የታተመ ጽሑፍ፣ ወፍራም ጥቁር ብዕር፣ ወደ ዓይኑ ከፍ የሚል ዘንበል ያለ መጻፊያ። አልቢኒዝም ላለበት ደግሞ ሜዳ ላይ ሰፊ ኮፍያ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ የብሬል ማሽን ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

የእንቅስቃሴ ጉዳት ላለበት ልጅ፦ ቅርብ የሆነው

እዚህ ብዙ ማመንታት አያስፈልግም። ልጁ ይሰማል፣ ያያል፣ ይረዳል፤ የሚያግደው ደረጃና ርቀት ነው። ለእሱ ልዩ ትምህርት ቤት መፈለግ ያለ ምክንያት ከጓደኞቹ መነጠል ነው። የሰፈሩን ትምህርት ቤት ይምረጡና የሚስተካከለውን ይጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፦ የልጁ ክፍል ምድር ቤት ይሁን፣ ወደ ላይኛው ክፍል ሲያልፍም ክፍሉ አብሮት ይውረድ። ሁለተኛው ራምፕ ነው፤ በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት። ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲም የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ካሉ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ብዙ ቦታ ግን በሁለት ሜትር ተጨናንቆ ይሠራና ዊልቸሩን አራት ልጅ ይገፋዋል፣ ሲወርድ ደግሞ ይገለበጣል። እንዲህ ያለው ራምፕ ከሌለ ይሻላል። የበሩ ስፋት ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማይጠይቀው፣ ሽንት ቤት ነው። መግቢያው ደረጃ ያለው ወይም መቀመጫና መያዣ የሌለው ከሆነ ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አይጠጣም። ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ትምህርት አይገባውም፣ በኋላም የሽንት ቧንቧ ሕመም ይከተላል። ለሴት ልጅ ወር አበባ ሲጀምር ይህ ብቻውን ከትምህርት ሊያስቀራት ይችላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ አመቺ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ አዲስ ብሎክ ሲሠራ ይህን ይዘው በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ይናገሩ። ካለቀ በኋላ ማፍረስ የሚደፍር የለም።

ለአእምሮ እድገት ውስንነትና ለኦቲዝም

ለእነዚህ ልጆች በብዛት የሚገኘው በመደበኛ ትምህርት ቤት ያለ ልዩ ክፍል ነው፣ ጥሩ ሲሆንም በጣም ጥሩ ነው። መጥፎ ሲሆን ደግሞ ልጆች ቀኑን የሚያሳልፉበት ማቆያ ይሆናል፤ ከሰባት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያሉ ልጆች በአንድ ክፍል፣ በየዓመቱ ያው ክፍል፣ ያው ፊደል ገበታ።

ሁለቱን የሚለየው ወረቀት የግል የትምህርት ዕቅድ ይባላል። ያለፈውን ዓመት አንድ ዕቅድ፣ የልጁ ስም ተሸፍኖ፣ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። «ንባቡ ይሻሻላል» የሚል ከሆነ ዕቅድ አይደለም። «እስከ ጥር መጨረሻ ስሙን ሳያይ ይጽፋል፣ እስከ አሥር ዕቃ ቆጥሮ ያቀብላል፣ እጁን ያለ እርዳታ ይታጠባል» የሚል ከሆነ የሚሠራ ሰው አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ድልድዩ ነው፦ እነዚህ ልጆች እረፍት የሚወጡት ከሌላው ተማሪ ጋር በአንድ ሰዓት ነው ወይስ ተለይተው? ስፖርትና ሥዕል አብረው ይማራሉ? ጥሩ የሆነው ወደ መደበኛ ክፍል ያልፋል? ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ልጅ አለፈ? መልሱ «ማንም» ከሆነ ክፍሉ መውጫ የለውም።

ለኦቲዝም ጫጫታና ድንገተኛ ለውጥ ከትምህርቱ በላይ ያስቸግራል። ፈረቃ የሚለዋወጥ ትምህርት ቤት ከሆነ ልጁ ቋሚ ፈረቃ እንዲሰጠው ይጠይቁ።

«የድጋፍ ማዕከል አለን» ሲሉ

አካቶ ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተደራጅተው፣ አንዱ ትምህርት ቤት ማዕከል ሆኖ መሣሪያና ባለሙያ ይይዛል፣ በዙሪያው ያሉትን ያገለግላል። አሠራሩ ጥሩ ነው። በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን ስለ አገልግሎቱ ምንም አይነግርዎትም። ሲጎበኙ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቁልፉ ንብረት ክፍል ከሆነ፣ የብሬል ማሽኑ እንዳይበላሽ ተብሎ በላስቲክ እንደተሸፈነ ያገኙታል። ቁልፉ መምህሯ ኪስ ውስጥ ከሆነና ጠረጴዛው ላይ የልጅ ጣት ያረፈበት ወረቀት ካለ ማዕከሉ ይሠራል። ተዘዋዋሪ መምህር በሳምንት ስንት ቀን ወደ ልጅዎ ትምህርት ቤት እንደሚመጣ የቀን ስም አስጠርተው ይጻፉ።

ጉብኝቱን በምዝገባ ቀን አያድርጉት፤ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ በተራ ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይሂዱ። ተመሳሳይ ጉዳት ያለበት ልጅ ክፍል ውስጥ ካለ አሥር ደቂቃ ቆመው እሱን ብቻ ይመልከቱ። መምህሩ ስሙን ጠርቶ ጠየቀው? ጎኑ ያለው ልጅ ያናግረዋል? በእረፍትስ የት ነው ያለው?

ምዝገባው

የልደት ካርድ፣ ፎቶግራፍ፣ የወላጅ መታወቂያና ካለ የሐኪም ማስረጃ ይያዙ። የሐኪም ማስረጃ አለመኖሩ ልጁን ላለመቀበል ምክንያት አይሆንም። ቅጹ ላይ የጉዳት ዓይነት የሚለው ቦታ ባዶ እንዳይቀር፤ አንዳንድ ወላጅ ስም እንዳይወጣበት ብሎ ይደብቃል። ያልተመዘገበ ልጅ ግን በወረዳው ቁጥር ውስጥ ስለማይገባ የብሬል ወረቀት፣ አንባቢ ወይም ተጨማሪ የፈተና ሰዓት አይታቀድለትም። የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የሚያስፈልገው ድጋፍ በፈተናው ምዝገባ ቅጽ ላይ መስፈሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ በፈተናው ጠዋት የሚጠየቅ አንባቢ አይገኝም።

ገብቶ ስድስት ሳምንት ሲሆነው እንደገና ይመዝኑ። ከቤት ሲወጣ የሚያለቅስ ልጅ በሦስት ሳምንት ሊለምድ ይችላል። መጀመሪያ ደስ ብሎት ሄዶ በኋላ ዝም ያለ ልጅ ግን ይበልጥ ያሳስባል፤ ሄደው ክፍሉን ይመልከቱ። መቀየር ካስፈለገ በሴሚስተር መጨረሻ ይሁን፣ ከመሸኛው ጋር የግል የትምህርት ዕቅዱንና የፈተና ወረቀቶቹን ቅጂ ይውሰዱ። ስሌቱና ስታይለሱ የትምህርት ቤቱ ንብረት ከሆኑ መልሰው ማስረከብ ስላለብዎት፣ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ሌላ ማዘጋጀቱን ልጁ ከመዛወሩ በፊት ያረጋግጡ።